ለአባቴ ያቀለልኩት ሞተር

ሞተሬ ከባድ ነው። ከአንድ ከተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ ስገዛው ግን ክብደቱ አልታየኝም። የታየኝ ረጅም እግሩ፣ ሰፊው የነዳጅ ታንከሩ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት ሁለት የብረት ሳጥኖችና ከፊት ለፊቱ የታጠረለት የብረት አጥር ነበር። በዚህስ አገር እዞርበታለሁ አልኩ። ሥራዬ በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የውሃ ፓምፕ መጠገን ስለሆነ ሰበብ አላጣሁም። ሰው ሁሉ በብስክሌትና በባጃጅ በሚሄድበት በባሕር ዳር፣ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፤ እኔም ከፍ ብሎ መታየት አልጠላም። አስፋልት ላይ ማለፊያ ነው። ጭቃ ሲያገኝ ግን እንደ ጠገበች አህያ ይተኛል፤ ሲተኛም ብቻዬን አላነሳውም።

ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ለአባቴ ስልክ ተደወለ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ አስተምረው አሁን ከእኔ ጋር ይኖራሉ። የደወለችው በልጅነታቸው አብረዋቸው የተማሩት ወዳጃቸው ልጅ ነበረች። ወዳጃቸው ከእንፍራንዝ በታች፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ ባለች የገጠር መንደር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ጆሯቸውም ደክሟል፤ ከአልጋ መውረድም ትተዋል። ልጃቸው «ስምዎን እየጠሩ ነው» አለች። አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አሏት። ከዚያ ጮኹ። ደጋግመው ጮኹ። ከወዲያ በኩል የሚመጣው የሽማግሌ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሁለቱ በተማሪነታቸው አንድ ደበሎ ተጋርተው ለብሰዋል፣ ለምነው ያመጡትንም ከአንድ አኩፋዳ በልተዋል። ቀድሞ ለሞተው የቀረው በፍትሐቱ ቆሞ ሊያዜምለት ቃል ተገባብተዋል። ያን ቀን አባቴ ስልኩን ዘግተው ጋቢያቸውን አጣፉ። ኋላ፣ «ፍትሐቱን ማንም ያደርስለታል። እኔ በቁሙ ድምፁን መስማት ነው የምሻ» አሉኝ።

«እኔ እወስድዎታለሁ፣ አባባ» አልኩ።

ማለቱ ቀላል ነበር። መንደሯ መኪና አይገባባትም። ጀልባ ወደዚያ ዳርቻ አይሄድም። አባቴ ጉልበታቸው አልቋል፤ በቅሎ ከጣለቻቸው ወዲህ ደግሞ ኮርቻ አይወጡም። መንገዱም በዚያ ሰሞን አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነበር፤ ሲከፈትም ማልዶ ሄዶ ሳይመሽ መመለስ ግድ ነው። ሞተሬን የሚያይልኝ መካኒክ፣ አባቱ የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ የሐይቅ ዳር ሰው ነው፤ ነገሩን ስነግረው ብዙም አልተጨነቀ። «እስከ እንፍራንዝ በሚኒባስ ሂዱ። ከዚያ ወዲያ የገበሬዎቹ ትንንሽ ሞተሮች አሉ፣ ያደርሷችኋል» አለኝ።

ምክሩ ትክክል ነበር፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ያን ጊዜ ለምን ተናደድክ ብባል ስለ ሚኒባስ ወንበር ጥበት አወራ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። አባቴ በዚህ ዓለም የሚያከብሩት ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ጸሎቱን ነው፤ እኔ ከዚያ ሁሉ አንዱንም አልያዝኩም፣ ብረት ወሰደኝ። አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። አለመወቀስ ግን የራሱ ክብደት አለው። የእሳቸው ተማሪዎች መጥተው ጉልበት ሲስሙ፣ እኔ በሩ ላይ መፍቻ ይዤ የምቆም ልጃቸው ነኝ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሳቸው ለሚፈልጉት ነገር የእኔ እውቀት ያስፈልጋል ብዬ አመንኩ። ከወዳጃቸው ደጃፍ እኔው አውርጄ፣ እኔው ደግፌ ላስገባቸው ፈለግኩ። ይህንን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም አልኩ።

እናም የቀረውን ክረምት ሁሉ ሞተር ማቅለል ያዝን። ሲዘንብ በመካኒኩ ቆርቆሮ ሥር ቁጭ ብለን እንፈታለን፤ ሲያባራ አውጥተን እንሞክራለን። ከዚያ በፊት ስለ ሞተሬ ሳስብ ሁልጊዜ የማስበው ምን ልጨምርበት ብዬ ነበር። አሁን ጥያቄው ተገለበጠ። የፈታነውን ሁሉ ክብደቱን ለማወቅ ጎረቤት ያለው እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ እናወጣዋለን፤ ነጋዴውም ጤፍ ሊገዛ የመጣ ሰው ፊት «ዛሬስ የሞተር ጭስ ማውጫ በኪሎ ስንት ገባ?» እያለ ያላግጥብናል።

ሳጥኖቹ ወጡ፤ በምትካቸው ድንኳን ከሚሰፋ ሰው ዘንድ ሁለት የሸራ ከረጢት አሰፋሁ። የፊቱ የብረት አጥር ወጣ። ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ትልቁ እግር ወጣ፤ የጎኗ ትንሽ እግር ትበቃለች ተባለ። ሳያስፈልገኝ ተሸክሜው የምዞረው የመፍቻ ክምር ነበር፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አይተን፣ ሞተሩ ላይ ሥራ የሌለውን መፍቻ ሁሉ ቤት አስቀረን። ቀለል ያለ ጭስ ማውጫም ገጥመን ነበር፤ ጩኸቱ ከወፍጮ ቤት ባሰ። ዕድሜ ልካቸውን በጆሯቸው የኖሩ ሰው በዚህ አላደነቁርም ብዬ የድሮውን አስመለስኩ። ነዳጅም ራሱ ሸክም ስለሆነ እስከ ወረታ የሚያደርስ ብቻ ይዘን እዚያ እንጨምር ስል መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ። «ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ባዶ ታንከር ይዘህ ወጥተህ፣ መሪጌታን ወረታ ልታሳድራቸው ነው?» አለኝ። ታንከሩ ሙሉ ይሁን ተባለ።

ስፈታ ስፈታ አንድ ነገር ገባኝ። ሞተሩ ላይ የተሰቀለው ብረት ሁሉ ፍርሃት ነው። አጥሩ መውደቅን መፍራት ነው፤ ሳጥኑ ዝናብንና ሌባን መፍራት፤ የመፍቻው ክምር ሰው በሌለበት ብቻ መቅረትን መፍራት። አንዱን ብረት ለማውጣት ፍርሃቱን በስሙ ጠርቶ «አንተን ከዛሬ ወዲያ አልሸከምም» ማለት ያስፈልጋል። ደስ የሚል ሥራ ነው። አንዳንድ ቀን አባቴ ዱላቸውን ተመርኩዘው ይመጡና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። «ይህንስ ለምን ፈታኸው?» ይሉኛል፤ አስረዳቸዋለሁ። አንድ ቀን፣ «እኛም ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው ስንሄድ፣ ሸክም ያበዛውን ተማሪ መንገድ አልወደደም ነበር የምንለው» አሉ። ከእሳቸው አፍ እኔ በምሠራው ሥራ ላይ የወጣ ቃል ስለሆነ ለቀናት ደጋግሜ አሰብኩት።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በፓራፋንጎው፣ ማለትም በኋላ ጎማው የጭቃ መከላከያ ላይ ነው። ከእንፍራንዝ በታች ያለው መሬት ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ የሚለጥፍ። ዋልካ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ጎማው መዞር ያቆማል። ስለዚህ የኋላውን ፓራፋንጎ አውጥተን ጣልነው። የካቴናውን መሸፈኛ ደግሞ ለምን ይቀራል ብዬ ራሴ ፈታሁት። ሲያልቅ ሞተሩ ኋላው ባዶ ሆኖ፣ ጎማውና ካቴናው ተራቁተው ቆመ። አስተኝቼ አነሳሁት። ለብቻዬ ተነሳልኝ። ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩ አይመስለኝም።

አባቴን ከኋላዬ አስቀምጬ ለሙከራ ወደ ዘጌ መንገድ ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ገና የዘጌ የቡና ዛፎች ጥላ ከመጀመሩ በፊት፣ ወገቤን የያዙት የአባቴ እጆች ድንገት ወደ ኋላ ሸሹ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አነቀውና ቆመ። ዘወር ስል አባቴ በእጀ ጠባባቸው ብቻ ናቸው። ጋቢያቸው ካቴናው ላይ ተጠምጥሞ፣ ግማሹ ጎማው ውስጥ ገብቶ፣ ነጩ በቅባት ጠቁሯል። ጋቢውን በትከሻቸው ጣል ብቻ አድርገውት ስለነበር ሾልኮ ወጣ እንጂ፣ እንደ ወትሮው አጣፍተው ቢሆን ኖሮ አብረው ይሄዱ ነበር። መንገድ ዳር እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው መጥተው አባቴን ድንጋይ ላይ አስቀመጡልኝ፤ እኔ ጋቢውን ከካቴናው ለማላቀቅ እታገል ነበር።

ስንት ሳምንት የለካሁት፣ የመዘንኩት ሁሉ ለእኔ ለሱሪ ለባሹ ነበር። ከኋላዬ የሚቀመጠው ሰው ጋቢ እንደሚለብስ፣ ጋቢም ጫፍ እንዳለው አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ጋቢ ያላየኋቸውን ሰው ነው እንግዲህ። ያ ሸክም ነው ብዬ የጣልኩት የብረት ሳጥን ለካ ሳይታወቀኝ ጋቢውን ከጎማው ሲጠብቅ ኖሯል።

አባቴ አልተቆጡም። የጋቢውን ቅዳጅ እያገላበጡ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ተነሱ።

በማግስቱ ጃኬት ገዝቼ አመጣሁላቸው። ያዩት ልክ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ነው። «ለመንገዱ ብቻ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«እዚያ ስደርስ እሱ በምን ያየኛል?» አሉ። «ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው። በእጁ ነው የሚያየኝ። ዳብሶ ይህን ላስቲክ ቢያገኝ፣ እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?»

ጃኬቱን መለስኩና እንደገና ማሰብ ጀመርን፤ በዚህ ጊዜ ከጋቢው ተነስተን። ሳጥኖቹን መመለስ ማለት የክረምቱን ድካም ሁሉ ማፍረስ ነው። ፓራፋንጎውን መመለስ ዋልካውን መጥራት ነው። መላው የተገኘው መንገድ ዳር ነው። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ የቀርከሃ ወንበር የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ቀርከሃ ገዝተን መካኒኩ በግራና በቀኝ እንደ አጥር ሰንጥቆ አገጣጠመው፤ በተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ እየጠፈረም አሰረው። ከጎማው ራቅ ያለ ስለሆነ ጭቃ አይዝም፣ ጋቢ ግን አያሳልፍም። ሚዛን ላይ ስናወጣው ሚዛኑ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሞተሩ የዶሮ ቅርጫት ያዘለ መሰለ፤ በከተማው ሳልፍ የባጃጅ ሹፌሮች «ዶሮ ተወደደ?» ይሉኛል። ከፍ ብዬ መታየቴ በዚያ ቀረ፤ ምንም አልመሰለኝም።

መንገዱ ተከፍቷል በተባለ ማግስት፣ በጥቅምት አንድ ማለዳ ወጣን። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን አለፍን። ከኋላዬ በዝግታ ያዜማሉ፤ ነፋሱ ቃሉን ወስዶብኝ ዜማው በጀርባዬ ብቻ ይሰማኛል። በዚያ መንገድ ላይ ደስተኛ ነበርኩ። ሞተሩ ቀሏል፣ አባቴ ከኋላዬ ናቸው፣ የማውቀው ነገር ለሚያስፈልጋቸው ነገር በቅቷል። እንፍራንዝ ደርሰን ሻይ ጠጣን፤ ከዚያ አስፋልቱን ትተን ወደ ሐይቁ ወረድን።

ማታውን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ኖሯል። ደረቅ ይሆናል ያልኩት ሜዳ ያብለጨልጫል። የመጀመሪያውን ጥቂት መንገድ እንደምንም ሄድኩ። ከዚያ ዋልካው ጎማውን ጠቅልሎ ያዘው፤ ፓራፋንጎ ሳያስፈልገው ራሱ ለራሱ እየተጠቀለለ የእንስራ ያህል ወፈረ። አባቴን አወረድኩ። ብቻዬን ሞከርኩ፤ ኋላው ተንሸራተተና ሞተሩ ተኛ። ለማንሳት ስታገል እግሬ ራሱ እየሰጠመ አስቸገረኝ። መንደሯ ትታያለች፤ ዛፎቹና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከሜዳው ማዶ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አባቴ በዱላቸው ተደግፈው ወደዚያው ያያሉ።

አንድ ገበሬ ከመንደሩ በኩል በትንሽ ሞተር መጣ። ቀለሟ የለቀቀ፣ ኋላዋ የተራቆተ፣ ጎማዋ ቀጭን ናት፤ ጭቃው ላይ እንደ ልቧ ትሄዳለች። ወርዶ የአባቴን ጉልበት ስሞ፣ ለእኔ ደግሞ ሞተሩን አንስቶ አቆመልኝ። ዙሪያውን አየው።

«ደህና ሞተር ነው» አለኝ። «አገሩ አይደለም እንጂ። አባታችንን እኔ ላድርሳቸው። ተመልሼ እርስዎንም እወስድዎታለሁ።»

ፀሐይዋን አየሁ። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ከተባለ ሳይመሽ አስፋልት አንገባም። በእግሬ ልከተል ብልም ያው ነው፤ ሞተሩንም ሜዳ ላይ ጥዬ መሄድ አይሆንልኝም። አንደኛችን መቅረት ነበረብን፤ የምቀረው እኔ መሆኔ ደግሞ ግልጽ ነው። ግልጽ የሆነ ነገር ቶሎ ከአፍ የሚወጣ ይመስላችኋል? «ይሂዱ፣ አባባ» ስል ድምፄ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር፤ ተናድጄም ነበር። አባቴን ደግፌ የሰው ሞተር ላይ አስቀመጥኳቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስቤ ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። እጃቸውን በገበሬው ወገብ ላይ አድርገው ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ከጎማው ላይ ጭቃ በእንጨት እየፈለፈልኩ ዋልኩ። የጉዛራ ግንብ ከላይ ከኮረብታው፣ ሐይቁ ከታች፤ መሃል ላይ እኔና የዶሮ ቅርጫት ያዘለ ሞተር። መጀመሪያ መካኒኩን ጠላሁ፣ ልክ ስለነበር። ቀጥሎ ዝናቡን። ከዚያ ንዴቱ ሲበርድ ሐዘን መጣ። አሁን ይገባሉ፣ አሁን አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ እያልኩ በሐሳቤ ተከተልኳቸው፤ ቤቱን ስለማላውቀው ግን ሐሳቤም ከደጃፉ አላለፈም። ያን ሁሉ ብረት ያወረድኩት ለዚያች ደጃፍ ነበር።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሞተሯ ተሰማች። አባቴ ሲወርዱ ፊታቸው የለቀሰ፣ የሳቀም ሰው ፊት ነበር። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ዐወቁዎት?» አልኩ።

«ዳበሰኝ። ጋቢዬን፣ ጺሜን፣ እጄን። ከዚያ ስሜን ጠራ» አሉ። «ጆሮው አልሰማም አለ፤ እኔም መጮኹን ተውሁት። ደረቱ ላይ እጄን አድርጌ ዜማውን መታሁለት፣ እሱ አዜመ። ድምፁ አለ። ቀጥኗል፣ ግን አለ። የፍትሐቱን ቃል በቁማችን ፈጸምን፤ ተፈታታን፣ እሱም እኔን፣ እኔም እሱን።»

ገበሬው ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ከዚያ በጣቱ መዳፌን መታ መታ አደረገ፤ ከማን ጋር መጣህ ማለቱ ነው፣ ዱሮም እንዲያ ነበር የሚጠይቅ» አሉ አባቴ። «ጆሮው ውስጥ ገብቼ ልጄ አመጣኝ አልሁት። ይህችን ሰማ። የታለ ብሎ እጁን ዘረጋ።»

«ምን አሉት?»

«ጭቃ ላይ ቀረ ልበለው?» አሉ። ወደ ገበሬው ዞረው ተመለከቱ። «የዚህን ሰው እጅ ይዤ አስጨበጥሁት። ጨብጦ ብዙ መረቀ፤ የልጅ ልጅ እይ አለህ፣ መንገድህ አይዘጋ አለህ። እጁ የእሱ ነው። ምርቃቱ ያንተ ነው።»

ገበሬው አፍሮ አንገቱን ደፋ። «ዝም ብዬ ቆምሁ፣ ምን ላድርግ» አለ። ተነስቼ የጨቀየ እጄን በሱሪዬ ጠረግኩና ሄጄ ጨበጥኩት፤ ቶሎም አልለቀቅኩትም።